ስምንት ነጥብ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለቀጮ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አስር ቀን አልፎታል፤ ያቆየሁት ኮርቼ እንዳይመስልህ። ማኅተም ያለበት ፖስታ ስለማልወድ ሁለት ቀን ሳልከፍተው ትራሴ ሥር አሳደርኩት። ስከፍተው ደግሞ «የላቦራቶሪ ኃላፊ» ይላል። ክው አልኩ። «ከመመገቢያ አዳራሹ ጥግ ተቀምጬ ሁልጊዜ ሾርባ የማስጨምረው ልጅ ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። አንተን ረስቼ ማንን ላስታውስ? አራት ዓመት ሙሉ አብልቼህ አንድ ኪሎ እንኳን አልጨመርክልኝም። ኃላፊ መሆንህ ደስ ብሎኛል። አግብተሃል?

አድራሻዬን የሰጠህ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መሆኑን ጽፈሃል። ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬው ነበር። እርጅና ይሆናል፤ አልቀየመውም።

ምን እንደምሠራ ጠይቀሃል። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለ፤ እዚያ የሆቴል አንሶላ እተኩሳለሁ። ቀን ሙሉ ነጭ ጨርቅ ሳይ እውላለሁ። ክፍሌ ከመተኮሻው በላይ ስለሆነች ወለሉ ሁልጊዜ ይሞቃል፤ በብርድ በኩል አልታማም። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ወደ መንገዱ የሚያይ አንድ መስኮት አለኝ። እሑድ እሑድ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎችን አያለሁ።

«አሁንም ምግብ ይሠራሉ ወይ?» ላልከኝ፣ አልሠራም። ለራሴ ድንች እቀቅላለሁ፤ እሱን ሥራ ካልከው። «ያኔ የታዘዘልዎትን ኪኒን ጨርሰው ነበር?» ያልከው ግን አልገባኝም። የአስራ አንድ ዓመት ኪኒን ዛሬ ምን ሊሠራልህ ነው? ጨርሻለሁ። አስሩንም ቀን፣ አፌ እንደ ሚስማር እየመረረኝ ጨርሻለሁ።

ልጄ ደህና ነች። ከዚህ አራት ሰዓት በአውቶቡስ ነው የምትኖረው። ትልቋ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛው ወይም ሁለተኛዋ ደግሞ የካቲት ላይ ይመጣል ብለዋታል። «ነይና ጎኔ ሁኚ፣ አብስለሽ አብዪኝ» ትለኛለች። ያሁኑንም ከቀረሁ ሁለተኛ እንደማትጠራኝ ጽፋልኛለች። አልሄድም። ለምን ብለህ አታስጽፈኝ።

ሰላም ሁን፤ ብላ።

ጭልፋ

---

ጥቅምት 21 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ጭልፋ፣

እንደምን ከረሙ? ቅጽል ስምዎን ፖስታ ላይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ትምህርት ቤቱ ሙሉ በዚሁ ሲጠራዎት ስለኖረ አፌ ሌላ ስም አልለመደም።

አግብቼ ነበር፤ አልሆነም። ከተለያየን ሦስት ዓመት ሆነን። ልጅ የለንም። ምሳዬን ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለ ምግብ ቤት እበላለሁ። ሾርባቸው ውሃ ነው። ማስጨመር ትቻለሁ።

ምን ሆኜ እንደጻፍኩልዎት ልንገርዎት። ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው አለቃዬ ጡረታ ወጡና ላቦራቶሪው ለእኔ ተሰጠ። ሦስት ማይክሮስኮፕ አለን፤ የአንዱ ማዞሪያ በፕላስተር የተያዘ ነው። ስድስት ሰልጣኞች አሉኝ። ለእነሱ የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ ጻፍ ተባልኩ። ስለ ማየት አይደለም፤ ማየቱንስ ይለምዱታል። ያዩትን ምን ብለው እንደሚጽፉ ነው።

ቀላል ይመስላል። ባለፈው ሳምንት አንዱ «ትል» ብሎ ብቻ ጽፎ አመጣልኝ። «ተመለስና ስሙን ጠይቀው» አልኩት። ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ትል ብቻ ከተባለ ሐኪሙ የትኛውን መድኃኒት ይዘዝ? ሌላዋ ደግሞ አንድ ናሙና አየችና «የለም» ብላ ጻፈች። እኛ «አልታየም» ነው የምንለው። ቁልፍሽን ቦርሳሽ ውስጥ ብታጪው ቤትሽ ውስጥ የለም ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ደግሞ ተውሳክ ሆዱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሽተኛ አይባልም። አንዳንዱ ምንም ሳይሆን ይዞት ይኖራል፤ አንዳንዱ ተውሳክ ደግሞ ከነአካቴው ሰው አይጎዳም። ይህን ይህን ነው የምጽፈው።

ለምሳሌ የሚሆነኝን ፍለጋ የድሮ ደብተሮቼን አወጣሁ። አለቃዬ አንድ ልማድ ነበራቸው። ውጤቱን ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ በአንድ ቃል ያስጽፉናል፤ ያየነውን ደግሞ በየግል ደብተራችን በእርሳስ ያስስሉናል። ደብተሩን ከእሳቸው በቀር ማንም አያየውም ነበር። የአስራ አንድ ዓመቱን ሳገላብጥ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ከትምህርት ቤቱ ያሰናበቱዎት ቀን ቢሮ ጠርተው ምን እንዳሉዎት፣ ከቻሉ ቃል በቃል ይጻፉልኝ። ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው እነግርዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

አክባሪዎ፣ ቀጮ

---

ኅዳር 5 ቀን

ይድረስ ለቀጮ፣

እንዴት ነህ? ሚስትህን ስለማጣትህ አዝኛለሁ። ለብቻ መብላት ክፉ ነገር ነው፤ እኔ ነኝ የማውቀው።

የጠየቅከኝን ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። ዛሬ መብራት ስለሌለ ካውያው ቆሟል፤ ስለዚህ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ ነበር። ካሮት እየላጥኩ ነበር። ልጆቹን አታውቃቸውም፤ አንተ ያኔ ጨርሰህ ወጥተህ ላቦራቶሪ ገብተሃል። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ የፊት ጥርሷ ስለወለቀ ወላቃ እላታለሁ። ማንኪያውን ከአፏ አውጥታ «እማማ ጭልፋ፣ ከታች ካለው ቅጂልኝ» ትለኝ ነበር፤ ድንቹ ከታች እንደሚሆን ገብቷታል። ልጅቷ ደም ሲያስቀምጣት ሰንብታ ሆስፒታል ሄደች፤ ከዚያ ሞተች። የወጥ ቤት ሠራተኞች ሁላችንም ተመርመሩ ተባልን። ናሙናዬን የተቀበልከኝ አንተ ነህ። አፍረህ ቀና ብለህ አላየኸኝም፤ እኔም አፍሬ ነበር።

ቢሮ ስገባ ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ነርሷ መስኮቱ ጋ ነበሩ። ወረቀቱን አዞረና በጣቱ አሳየኝ። «እዚህ ላይ ምን ይላል?» አለኝ። «አሜባ» አልኩ። «ልጅቷን ምን እንደገደላት ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «አሜባ» አለኝ።

ሌላ ምንም አላለኝም። ሌላ ምን ይበለኝ? ሽርጤን አውልቄ አጠፍኩና ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

ነርሷ መዝገቧ ላይ «የአሜባ በሽተኛ» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «በሽታ አስተላላፊ ሆና በመገኘቷ» የሚል ተለጠፈ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ የቆመች አንዲት ሴት ገዳይ አለችኝ። የልጅቷ እናት ነች ብለውኛል። ቀና ብዬ አላየኋትም።

አሁን ምክንያቱን ልንገርህ፣ ካነሳኸው አይቀር። አንድ ሳህንና አንድ ኩባያ አለኝ። ማንም ተሳስቶ እንዳይነካብኝ ብዬ የኩባያዋ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ። ልጄ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ሄጄ ነበር። አስራ ስምንት የሕፃን ልብስ ተኩሼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በሯ ላይ ደረስኩ። ወጥ ቤቱ በመንገድ በኩል ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ድስቱ ሲፈላ ሰማሁት። እጄን አየሁት። ጥቅሉን ለጎረቤቷ ሰጥቼ በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ። ልጄ እስከ ዛሬ ባሏን የናቅኩ ይመስላታል። የልጅ ልጄን ያቀፍኳት አንዴ፣ ልጄ ይዛት ስትመጣ ነው፤ እሱንም ጓንት አድርጌ። ልጄ ጓንቱን አየችው።

አንተ በዓይንህ ያየኸው ሰው ስለሆንክ የምጠይቀው አንተን ነው። ያቺን ልጅ የገደልኳት እኔ ነኝ ወይ? የምትለው ካለህ በለኝ። ከሌለህ ሁለተኛ አትጻፍልኝ።

ጭልፋ

---

ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ጭልፋ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥራለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሰልጣኞቹን ምሳ ውጡ ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ከዚህ ጋር ከደብተሬ የቀደድኩት አንድ ገጽ አለ። ቅጂ አይደለም፤ ራሱ ነው። ሦስት ክቦች ያያሉ። ሦስት ቀን ከሰጡኝ ሦስት ናሙናዎች የሳልኳቸው ናቸው። ከጎናቸው የእርስዎ የምርመራ ቁጥር አለ፤ ወረቀትዎ ካለ ያመሳክሩት። በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ ትንንሽ ነጥቦች አሉ። እባክዎ ይቁጠሯቸው።

ስምንት ናቸው። በሦስቱም ስምንት።

አሜባ የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ሰው የሚጎዳው፣ አንጀት የሚያቆስለውና ደም የሚያስቀምጠው አንድ ዓይነት አለ። እሱ ቅርፊት ለብሶ ሲታይ ነጥቦቹ ቢበዛ አራት ናቸው። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ ማንንም አይነካም፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። የእሱ ነጥቦች ሲጎለምስ ስምንት ይሆናሉ። ሁለቱም በቆሸሸ ውሃና ምግብ ይገባሉ፤ ከገቡ በኋላ ግን አንዱ ቤት ያፈርሳል፣ ሌላው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። የሁለቱም ሙሉ ስም የተለያየ ነው። እኔ ሙሉ ስሙን አልጻፍኩም።

የወላቃዋን ናሙናም ያየሁት እኔ ነኝ። ደብተሩ ላይ ከእርስዎ አራት ገጽ ቀደም ብላ አለች። ደም የዋጠ አሜባ ነው፤ ጎጂው። ያንንም «አሜባ» ብዬ ነው የጻፍኩት። አንድ ቃል ለሁለት ሰው ጻፍኩና ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

ደብተሩን ያገኘሁት መስከረም ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የምጠይቅዎት ሁሉ፣ ስለ ኪኒኑም ስለ ቢሮውም፣ ይህን ለመናገር እየፈራሁ የጠየቅኩት ነው። ስለ መጽሐፉ ያልኩት እውነት ነው፤ ግን መሸሸጊያዬም ነበር።

በድዬዎታለሁ።

ቀጮ

---

ታኅሣሥ 8 ቀን

ይድረስ ለእትዬ ጭልፋ፣

ደብዳቤዬ ደርሶዎት እንደሆነ አላውቅም። መልስ እንዲሰጡኝ አልጠይቅም። የደረሰ መሆኑን ብቻ የማጠቢያ ቤቱ ሰው ቢያሳውቀኝ ይበቃኛል።

ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። ዳይሬክተሩ አዲስ ሰው ነው፤ ወጣት ነው። ጉዳዩን ስነግረው «ይህንን ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?» አለኝ። የምታስታውሰው እንዳለች ነገርኩት። የምርመራውን ውጤት ሙሉ ስሙን አድርጌ፣ ምን እንደታየና ምን እንዳልታየ ለይቼ ጽፌ፣ ፈርሜና ማኅተም አድርጌ ሰጠሁት። የድሮው ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ብዬ ቆምኩ። ሰሌዳው መስታወት ተገጥሞለታል። ቁልፉ እስኪገኝ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ።

ወጥ ቤቱን አይቼዋለሁ። ምድጃው ተቀይሯል። ትልቁ ድስት አለ።

ቀጮ

---

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለቀጮ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የማጠቢያ ቤቱን ሰው አታስቸግር።

ነጥቦቹን ቆጠርኩ። መነጽሬን አድርጌ ቆጠርኩ፤ አንሶላ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ፤ ጠዋት ብርሃን ሲሆን ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት ናቸው። ወረቀቴን አልጣልኩትም ነበር፤ ቁጥሩም ያው ነው። ሦስት ሳምንት ምን እየሠራሁ ነበር ብትል፣ እየቆጠርኩ ነበር።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ዋሽቼ ምን ላደርግ ነው፤ ደስ ብሎኝ መተኮሻው ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ቁጭ ስል መጣብኝ። በመሃል የልጄ ሠርግ ነበረ፤ ድግሱን ሌላ ሰው ሠራ። የሰው ልጅ ገላ መንካት ፈርቼ ኖርኩ። አውቶቡስ ላይ ጎኔ የተቀመጠች ሴት ብስኩት ብትሰጠኝ አልቀበልም፤ ልመልስላት አልችልማ። ጎልማሳ ሆኜ ገብቼ አሮጊት ሆኜ ልወጣ ነው። ስምንት ነጥብ አልክ እና አለቀ?

ሁለት ነገር ንገረኝ። ያኔ ታውቅ ነበር ወይ? ደብተሩን ዛሬ አየሁት አትበለኝ፤ የሳልከው አንተ ነህ። ስምንት ነጥብ የሳለ እጅ ስምንት መሆኑን ያውቃል።

ሁለተኛው። ልጄ ልትወልድ ሁለት ወር አልቀራትም። «ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?» ብላ ጽፋለች፤ ሰላምታ እንኳን የለውም። ስለዚህ ማልልኝ። ያ የሚገድለው ነገር እኔ ውስጥ ኖሮ እንደማያውቅ፣ ያቺ ልጅ በእኔ እጅ እንዳልሞተች፣ በምትወደው ነገር ማልልኝ።

ጭልፋ

---

ጥር 2 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ጭልፋ፣

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የመጀመሪያው ይከብደኛል።

ልምልልዎት አልችልም። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

ጎጂው ዓይነት በሦስቱ ናሙናዎችዎ ውስጥ አልታየም። «አልነበረም» ብዬ ብጽፍልዎት እርስዎ እፎይ ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን የሠራሁትን ደግሜ ሠራሁ ማለት ነው። ያላየሁትን እንደማውቅ አድርጌ መጻፍ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ተፈልጎ አልታየም ማለት የመኖሩን ነገር በጣም ያጠብበዋል፤ ፈጽሞ አይዘጋውም። በዚያ ላይ ጎጂው ቢኖር ኖሮ እንኳን፣ አስሩን ቀን የወሰዱት ኪኒን የሚያጠፋው እሱኑ ነበር። መጀመሪያ ስጽፍልዎት ስለ ኪኒኑ የጠየቅኩዎት ለዚህ ነው።

ስለ ልጅቷ። የጤና ጣቢያውን መዝገብና የትምህርት ቤቱን የመግቢያ ደብተር አገናኝቼ አየሁ። ልጆቹ ከክረምት እረፍት የተመለሱት ሰኞ ነው። እሷ ደም ያስቀመጣት በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው። ያ ተውሳክ ከተዋጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሰው ለመጉዳት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። ብዙውን ጊዜ ነው ያልኩት፤ በቀናት ውስጥ የጀመረበትም ጊዜ አለ። ግን ሁለት ቀን በጣም አጭር ነው። ይዛው የመጣች ይመስለኛል። ከእርስዎ እጅ አገኘችው የሚል አንድም ማስረጃ አላገኘሁም፤ ፈልጌያለሁ። እንደ ባለሙያ የማምነው እርስዎ እንዳልሆኑ ነው። ከዚህ በላይ አንድ ቃል ብጨምር ውሸት ይሆናል።

ለልጅዎ ቤት የሚያስፈልግዎት ግን የእኔ መሐላ አይደለም። ባሉበት ከተማ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ቀን እያሳለፉ ሦስት ጊዜ ናሙና ይስጡ። ያየውን ሙሉ ስሙን እንዲጽፍ ለባለሙያው ይንገሩት።

አሁን የመጀመሪያው። አውቅ ነበር። ስምንት መሆናቸውን አውቄ ነው የሳልኩት። የውጤት ወረቀቱ ላይ ያለው ሳጥን ጠባብ ነበር፤ በላቦራቶሪው ልማድ ሁሉም አሜባ «አሜባ» ነበር፤ ስሙን ለማስረዘም ወረቀት መጨመርና አለቃ ማስፈረም ነበረብኝ። ሥራ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ወሬ ነበር። ሐኪም ያየዋል፣ ይጠይቀኛል ብዬ አለፍኩት። ማንም አልጠየቀኝም። እርስዎን ባሰናበቱ ማግስት በትምህርት ቤቱ ሳልፍ ሰሌዳውን አነበብኩት። ቆሜ አነበብኩት። ልጅ ሞቷል፤ ሰው ሁሉ የሚይዘው ስም ይፈልግ ነበር፤ አሁን ገብቼ «ተሳስቻለሁ» ብል ምን ይሉኛል አልኩ። ነገ እናገራለሁ ብዬ ሄድኩ። ከዚያ እርስዎ ከተማውን ለቀቁ ተባለ። ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። መስከረም ላይ ያገኘሁት መስሎ የጻፍኩልዎት ውሸት ነው፤ የት እንዳለ ሁልጊዜ አውቅ ነበር። መስከረም ላይ የሆነው፣ አንዲት ሰልጣኝ እንደ እኔ «አሜባ» ብላ ብቻ ጽፋ ስታመጣልኝ ልቆጣት አፌን ከፍቼ ቃል ማጣቴ ነው።

ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም፤ ቢሆንም እጠይቃለሁ።

ቀጮ

---

የካቲት 11 ቀን

ይድረስ ለቀጮ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? የምጽፍልህ ከልጄ ወጥ ቤት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ዘይት ነው፤ አትመራመርበት።

ያንን ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን ሰደብኩህ። በሦስተኛው ቀን ግን ልብ አልኩ። ብትምልልኝ ኖሮ አላምንህም ነበር። ያን ጊዜም እርግጠኛ ሆነው ነው የጣሉኝ፤ ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። አንተ «ብዙውን ጊዜ» እያልክ፣ «ይመስለኛል» እያልክ እንደ ሽማግሌ ስትንቀረፈፍ፣ ይሄ ልጅ አሁን እውነቱን ነው አልኩ። በዚያው ሰዓት ካውያውን አጠፋሁና ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መርማሪዋ ገና ልጅ ነች፤ ማስቲካ ታኝካለች። በመጨረሻው ቀን «እማማ፣ ምንም የለም» አለችኝና እንደዚያው ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች። «የለም አትበይ ልጄ፤ አልታየም በይ» አልኳት። ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «ባለሙያ ነዎት እንዴ?» አለችኝ። «የወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ» አልኳት። ቀጮ፣ ይህን ቃል ከተናገርኩ ስንት ጊዜዬ! ጻፈችልኝ። በሦስቱም ናሙናዎች ጎጂ ጥገኛ ተውሳክ አልታየም ይላል። ሳጥኑ አልበቃትም፤ ጠርዙ ላይ ነው የጨረሰችው።

ልጄ በሩን ስትከፍት ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ነው የወጣው። አላቀፈችኝም። «ደግሞ ለየትኛዋ ጎረቤት ሰጥተሽ ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። ወረቀቱንና ያንተን ስዕል ሰጠኋት፤ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። የሰው ልጅ ገደልኩ ብዬ ለገዛ ልጄ እንዴት ልንገር? ይህንኑ አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ባሏ እኛን ላለማየት ሰዓት ግድግዳ ላይ እየሰቀለና እያወረደ ቆየ። ጥሩ ሰው ነው። ናቅሽው የተባልኩት ሰውዬ ይሄ ነው።

ሾርባውን የሠራሁት በማግስቱ ነው። እጄን አራት ጊዜ ታጠብኩ። የልጅ ልጄ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ጨው የለውም» አለች። እውነቷን ነው፤ ረስቼዋለሁ። ጨው አድርጌ መለስኩላት። በላች። ሳህኑን ገፋ አድርጋ «ጨምሪልኝ» አለችኝ። አንተ ትዝ አልከኝ፤ ተናደድኩብህም።

ከዚያ ሻንጣዬን ስትበረብር ኩባያዬን አገኘቻት፤ ያቺን ቀይ ክር ያላትን። ውሃ ቀድታ ከአፏ አስጠጋቻት። ልነጥቃት እጄን ሰነዘርኩ። መለስኩት። ጠጥታ ስትጨርስ «ክሩ ምንድነው?» አለችኝ። «ጌጥ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ የእኔ ናት ብላ ወሰደቻት፤ እኔ አሁን በብርጭቆ ነው የምጠጣው።

ትንሹ ሐሙስ ዕለት ተወለደ። ያለ ጓንት አቀፍኩት። ልጄ እጄን አየችና ፈገግ አለች።

አሁን ስለ አንተ። የወላቃዋ እናት በሕይወት አለች ብሎ ጽፎልኛል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። እሷም አስራ አንድ ዓመት የተሳሳተ ሰው ስትረግም ኖራለች። ለእሷም ጻፍላት። ከቤቷ ይዛው መጣች ብለህ ደግሞ ሌላ ሸክም እንዳትጭንባት፤ የሚታወቀውን ብቻ፣ ቀስ ብለህ። ከመላክህ በፊት ለእኔ አሳየኝ።

ይቅርታህን አይቼዋለሁ። አልመልስልህም አልልህም፤ መልሼልሃለሁም አልልህም። ሰሌዳውን ቆመህ አንብበህ የሄድክበት ነገር አሁንም ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። የሄደው ዓመትም አይመለስም። ይህን ተው፣ አትጻፍልኝ፤ ብትጽፍም ቃል አይበቃውም።

ግን ያ ምግብ ቤት ሾርባው ውሃ ነው ብለሃል። እዚህ ያለው ድስት ትልቅ ነው። ዛሬ አልጠራህም፤ የምጠራህ ቀን ግን ምሳ ሳትበላ ና።

እማማ ጭልፋ